በሕግ አምላክ ሲባል የማይቆም ባለሥልጣን እንዳይኖር



ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ቤትና ስለ ሥራ አጥነት ያለንን አቋም በዚህ ጽሑፍ በሌሎች ገጾች አስፍረናል። እዚህ ላይ የምናነሳው ጉዳይ አብዛኛው የምርጫ መግለጫ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልፈው ነው። የመንግሥት ሥልጣን ይዞ ሰው የገደለን፣ ያሰቃየን፣ የደረሰበት እንዳይታወቅ ያደረገን ማን ይጠይቀዋል? "ሰብዓዊ መብት ይከበራል" ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ሲገድሉ የነበሩትም ጽፈውታል። እኛን የሚያሳስበን ሳይከበር ሲቀር ምን ይደረጋል የሚለው ነው።

ሕዝባችን ለፍርድ ያለውን ቦታ ማንም አያስተምረውም። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን ቋጥረው በቁራኛ ወደ ዳኛ ይሄዱበት የነበረ አገር ነው። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ይልቅ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች የሚል ሕዝብ ነው። "በሕግ አምላክ" የተባለ መንገደኛ ባለበት ይቆም ነበር። ያልቆመው ባለሥልጣኑ ነው።

አንዳንድ ወገኖች ዓለም አቀፍ ሕግና ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ሲባል የፈረንጅ ጉዳይ ያደርጉታል። ታሪኩ ግን እንዲህ አይደለም። የዘር ማጥፋት ወንጀልን የሚከለክለውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ከዓለም አገሮች ሁሉ ቀድማ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት፤ ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም.። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን ደግሞ አንቀጽ 281 ላይ ከስምምነቱ አንድ እርምጃ አልፎ በፖለቲካ አመለካከታቸው ምክንያት የሚጨፈጨፉትንም ጨመረ። ለዚህ መቅደማችን ምክንያት ነበረው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጨፈጨፈው ሕዝብ ደም ገና አልደረቀም ነበር። መንግሥታችን ግራዚያኒና ባዶሊዮ ለፍርድ እንዲቀርቡ ጠየቀ፤ የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽንም በ1940 ዓ.ም. አሥር ጣልያኖችን ለክስ የሚያበቃ ማስረጃ አለባቸው ብሎ መዘገበ። ከዚያ በኋላ ግን ኃያላኑ ፊታቸውን አዞሩ። ግራዚያኒ በገዛ አገሩ 19 ዓመት ሲፈረድበት ጥፋቱ ከናዚዎች ጋር መተባበሩ ነበር። በእኛ ላይ ለሠራው አንድ ቀን እንኳ አልተፈረደበትም። በወራት ውስጥም ተፈታ። በ2004 ዓ.ም. አፊሌ በምትባል የጣልያን ከተማ የመታሰቢያ ሐውልት ቆመለት። ያልተፈረደበት ወንጀል መጨረሻው ይህ ነው።

ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት 60 የሚሆኑ ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ፤ ቀጥሎ ቀይ ሽብር መጣ። በየቀበሌው፣ በየከፍተኛው የሆነውን የከተማ ሰው ከእኛ በላይ ያውቀዋል። ሥርዓቱ ሲወድቅ በአዋጅ ቁጥር 22/1984 ልዩ ዓቃቤ ሕግ ተቋቋመ፤ ከ5 ሺህ በላይ ሰዎችም ተከሰሱ። የሰነዱ ብዛት፣ የምስክሩ ብዛት፣ ገዳዮች ራሳቸው ፈርመው ያስቀመጡት የግድያ ትእዛዝ ለታሪክ የተረፈ ሀብት ነው። ይህን ማቃለል አንፈልግም። ይሁንና የእነ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ችሎት በ1987 ዓ.ም. ተጀምሮ የጥፋተኝነት ውሳኔ የተሰጠው ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት። ዋናው ተከሳሽ ዚምባብዌ ተቀምጦ ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ሞት ተፈረደበት፤ አገሩም አሳልፎ አልሰጠውም። ከሁሉ የከፋው አዋጁ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያይ መሆኑ ነበር። የወደቀው ሥርዓት ባለሥልጣናት ተጠየቁ፤ በዚያው ዘመን መሣሪያ ይዘው ሰው የገደሉ ሌሎች ግን በአዋጁ አልተነኩም። አሸናፊ ተሸናፊውን ሲዳኝ ተሸናፊው ጥፋተኛ ቢሆንም እንኳ አሸናፊው የሚማረው ትምህርት አንድ ብቻ ነው፤ አለመሸነፍ።

ሕግ ድንበር ሲሻገር ምን እንደሚሠራም አይተናል። አትላንታ ውስጥ በአንድ ሆቴል በአስተናጋጅነት የምትሠራ ኢትዮጵያዊት፣ በአዲስ አበባ ከፍተኛ 9 ያሰቃያትን ሰው እዚያው ሆቴል ተቀጥሮ ሻንጣ ሲሸከም አገኘችው። ዝም ብላ ልታልፈው ትችል ነበር። እሷና ሁለት ጓደኞቿ ግን ቀልቤሳ ነገዎን በአሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሱት፤ በ1985 ዓ.ም. ለሦስቱ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንዲከፍል ተወሰነበት። ካሳው ከኪሱ ይወጣል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ሴቶቹ የፈለጉት በዳኛ ፊት "አዎ፣ ይህ ተፈጽሟል" መባሉን ነበር። ሰውየው ያገኘውን የአሜሪካ ዜግነት ተነጥቆ በ1999 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። እንዲሁም ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን 75 እስረኞች በተገደሉበት ጉዳይ እሸቱ ዓለሙን የኔዘርላንድ ፍርድ ቤት በጦር ወንጀል ጥፋተኛ ብሎ ታኅሣሥ 6 ቀን 2010 ዓ.ም. ዕድሜ ልክ ፈረደበት፤ ይግባኙም በ2014 ዓ.ም. ውድቅ ሆነ። ወንጀሉ ከተፈጸመ ወደ አርባ ዓመት ሊሆነው ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ነገር ግን የጎጃም እናት ፍርዷን ሄግ ድረስ ሄዳ ትፈልግ? እኛ የምንለው ፍርዱ እዚሁ ይሁን ነው። ዓለም አቀፉ ችሎት የሚያስፈልገው የአገር ቤቱ በር ሲዘጋ ነው።

ይህ በር ዛሬ ምን ያህል ክፍት ነው? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 በሰው ልጆች ላይ የሚፈጸም ወንጀል በይርጋ እንደማይታገድ፣ በምሕረትም በይቅርታም እንደማይታለፍ ይናገራል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ግን ያንን ወንጀል በስሙ ጠርቶ፣ ተርጉሞ አላስቀመጠውም። ስለዚህ በሺህ ሰው ላይ የተፈጸመ ጥቃት እንደ ተራ ግድያ ተቆራርጦ ይከሰሳል፤ ትእዛዝ ሰጪው ከላይ ሆኖ ያመልጣል። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነት ያለቀው፣ የተደፈረው፣ የተፈናቀለው ሕዝብ በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው ያለው። ጉዳዩን ሲመረምር የነበረው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን ጊዜው ሳይራዘም በ2016 ዓ.ም. ተዘጋ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጸደቀ። በጽሑፉ ውስጥ ጥሩ ነገር አለ። ሆኖም ፖሊሲ ማንንም አያስርም፣ ማንንም ነጻ አያወጣም።

በመሆኑም ብትመርጡን በመጀመሪያው የምክር ቤት ዓመት በሰው ልጆች ላይ የሚፈጸም ወንጀልንና ማሰቃየትን የሚተረጉም፣ የአዛዥን ኃላፊነት የሚደነግግ ማሻሻያ እናቀርባለን። የዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት መቋቋሚያ፣ የሮሙን ሰነድ፣ እንዲጸድቅ እንጠይቃለን። አሩሻ ያለውን የአፍሪካ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ፕሮቶኮልም እንዲሁ። ዛሬ አንድ ኢትዮጵያዊ በአገሩ ፍርድ ካጣ አቤቱታውን ለባንጁሉ የአፍሪካ ኮሚሽን ማቅረብ ይችላል። ኮሚሽኑ በ2008 ዓ.ም. በአንዲት ተጠልፋ በተደፈረች ታዳጊ ጉዳይ 150 ሺህ ዶላር እንድትካስ ወስኖ ነበር። ነገር ግን የኮሚሽን ውሳኔ የፍርድ ቤት ፍርድ ያህል ክንድ የለውም።

የሄጉ ችሎት አፍሪካውያንን ብቻ ያሳድዳል የሚለውን ስሞታ እናውቀዋለን። ለረጅም ጊዜ እውነትነት ነበረው። ከዚያ ወዲህ ግን በሩሲያው ፑቲንና በእስራኤሉ ኔታንያሁ ላይ የእስር ማዘዣ አውጥቷል፤ የፊሊፒንሱ ዱቴርቴም በ2017 ዓ.ም. ተይዘው ሄግ ተወስደዋል። አፍሪካም ራሷ መፍረድ እንደምትችል ዳካር ላይ አሳይታለች። የቻዱ ሒሴን ሃብሬ በ2008 ዓ.ም. ዕድሜ ልክ የተፈረደባቸው በአፍሪካ ኅብረት ስምምነት በተቋቋመ ችሎት፣ የገዛ አገራቸው ሰለባዎች ለዓመታት ባደረጉት ግፊት ነው። ኬንያ ደግሞ ተቃራኒውን አስተማረች። ሄግ ላይ በኡሁሩ ኬንያታ የቀረበው ክስ በ2007 ዓ.ም. ሲነሣ ዓቃቤ ሕጓ ምስክሮች ማስፈራሪያና መደለያ እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ስለዚህ ለምስክሮች ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 699/2003 ከፍትሕ ሚኒስቴር እጅ ወጥቶ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤትና በጀት እንዲኖረው እናደርጋለን። ያለዚህ ሌላው ሁሉ ወረቀት ነው።

እጩዎቻችን በየአዳራሹ ሲቀርቡ፣ ፍርድ ቤት "ፍቱት" ያለውን ሰው ፖሊስ አልፈታም ቢል አዛዡ የእናንተው ሰው ሲሆን ምን ታደርጋላችሁ ብላችሁ ጠይቋቸው። የሮሙ ሰነድ ከጸደቀ በኋላ መጀመሪያ የሚያስረው በሥልጣን ላይ ያለውን፣ ማለትም እኛን ነው። ይህን አውቀን ነው የፈረምንበት።