ስለ ጀርባ ሕመምና ስለ ሰዓቱ ዋጋ

በካንሰር ታሞ የታከመ ሰው ጀርባውን ሲያመው፤ ሕመሙም ሌሊት በተኛ ጊዜ ሲጸናበት፤ ዘመዶቹ «ብርድ ነው፤ ድካም ነው» እያሉ ማሸት ይጀምራሉ። ነገር ግን የጡት፤ የሳምባና የፕሮስቴት ካንሰር ወደ ጀርባ አጥንት መዛመቱ የታወቀ ስለ ሆነ፤ ይህን ሕመም አቅልሎ ማየት አይገባም።

በአከርካሪው ውስጥ የሚያልፈው ሕብለ ሰረሰር እግርን የሚያንቀሳቅስ፤ ሽንትንም የሚገዛ ነው። እብጠቱ ሲጫነው አስቀድሞ ሕመም፤ ቀጥሎም የእግር መዛልና መደንዘዝ፤ በመጨረሻም ሽንትን መቈጣጠር አለመቻል ይመጣል። ሕመምተኛው መራመድ ሳያቅተው ሕክምና የጀመረ እንደ ሆነ ብዙውን ጊዜ በእግሩ መሄዱን ይቀጥላል፤ እግሩ ከሰለለ በኋላ ግን የሚድነው ጥቂቱ ነው።

የኤክስሬይ ሥዕል አጥንቱ በብዙ ካልተበላ በቀር በሽታውን ላያሳይ ይችላል። ኤምአርአይ የተባለው መሣሪያ ግን በብርቱ ማግኔትና በራዲዮ ሞገድ ስለሚሠራ፤ አጥንቱንም ሕብለ ሰረሰሩንም በአንድነት ይገልጣል፤ ካንሰርን ከአከርካሪ ነቀርሳ ለመለየትም ይረዳል። ስለዚህ በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2008 የወጣው የሕክምና መመሪያ፤ ሕብለ ሰረሰሩ ተጭኗል ተብሎ የሚጠረጠር የካንሰር ሕመምተኛ በ24 ሰዓት ውስጥ በዚህ መሣሪያ እንዲመረመር አዘዘ።

«መሣሪያው ውድ ነው፤ ቍጥሩም ጥቂት ነው» የሚል ቢኖር እውነቱን ነው። ዳሩ ግን ተራን በሥርዓት ማስያዝ የሚያስፈልገው መሣሪያው ጥቂት ስለ ሆነ ነው። ዛሬ እግሩ የዛለበት የካንሰር ሕመምተኛ፤ ወር መታገሥ ከሚችለው ሰው ኋላ እንዳይሰለፍ ማድረግ ገንዘብ ሳይሆን ትእዛዝ የሚጠይቅ ሥራ ነውና፤ የጤና ሹማምንት ሊያስቡበት ይገባል።

የካህናቱም ድርሻ ትንሽ አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ባለ መድኃኒትን ማክበር እንደሚገባ ያስተምራል፤ እንግዲህ ጠበሉ ሕክምናውን፤ ሕክምናውም ጠበሉን አይከለክልም። ወደ መሣሪያው ሲገባ ብረት ሁሉ ስለሚወልቅ፤ የአንገት መስቀሉን ማውለቅ የሚከብደውን ምእመን የንስሐ አባቱ «ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ሃይማኖትን መካድ አይደለም» ቢሉት ልቡ ያርፋል።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉ፤ ሹሙ ተራውን፤ ካህኑም ምክሩን በጊዜው ቢሰጡ፤ በእግሩ ወደ ሐኪም ቤት የገባ ሰው በእግሩ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል።