የ3,250 ብር ፍርድ የት ይገኛል?

እንበል አንዲት የመንግሥት ሠራተኛ ቴሌግራም ላይ የሕፃን አልጋ አየች። ዋጋው 6,500 ብር ነው። «ግማሹን ቀድመው ያስገቡ፣ ነገ ቤትዎ ድረስ እናመጣለን» ተባለች። 3,250 ብር በቴሌብር ላከች። በማግስቱ የመጣ ነገር የለም። በሳምንቱ «መኪናችን ተበላሽቶ ነው» አሏት። በሁለተኛው ሳምንት ስልክ የሚያነሳ ጠፋ። በሦስተኛው ብሎክ ተደረገች። ቻናሉ ግን አልተዘጋም፤ ያንኑ አልጋ፣ በዚያው ፎቶ፣ ለሌላ እናት እያስተዋወቀ ነው።

ይህ ለምሳሌ የቀረበ ታሪክ ነው፤ ግን እንግዳ የሚሆንበት አንባቢ ጥቂት ነው። በራሱ ላይ ያልደረሰበት ሰው ከእህቱ ወይም ከሥራ ባልደረባው ሰምቶታል። ምክሩም የታወቀ ነው። አንዱ «ለፖሊስ አመልክቺ» ይላል። ሌላው «ቲክቶክ ላይ አጋልጪው» ይላል። ብዙዎቹ ግን «ተይው፣ እግዜር ይከፍለዋል» ብለው ነገሩን ይዘጉታል። እሷም ትተወዋለች።

የምትተወው ሞኝ ስለሆነች አይደለም። ሒሳቡን ስለሠራች ነው። ክስ ለመመሥረት ለማመልከቻ ጸሐፊ ይከፈላል፣ የዳኝነት ይከፈላል፣ ታክሲ አለ፣ ከሥራ ፈቃድ መለመን አለ። ከዚያ ቀጠሮ ይመጣል። «መጥሪያው ለተከሳሽ አልደረሰም» ተብሎ ሌላ ቀጠሮ፣ ከዚያም ሌላ። 3,250 ብር ለማስመለስ ከ3,250 ብር በላይ ይወጣል። ልቡ የሞላ ሰው ብቻ ነው የሚጀምረው፤ የሚጨርሰው ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ሻጩም ይህንኑ ሒሳብ ሠርቷል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ እዚህ ሞፈሩ የሚቆረጠው ግን ነገሩን ጠንቅቆ ከሚያውቅ ሰው ደጃፍ ነው። መቶ ሰው 3,250 ብር ሲከፍል 325,000 ብር ይሆናል። አንድ ሰው 325,000 ብር ቢሰረቅ ጠበቃ ይቀጥራል፣ ፖሊስ ጣቢያ ይመላለሳል። ይኸው ገንዘብ ለመቶ ሰው ሲከፋፈል ግን ከሳሽ የለውም። የዚህ ንግድ ምሥጢር ከያንዳንዱ ሰው ለክስ የማይበቃ ገንዘብ መውሰድ ነው።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1771 ውል ያልተፈጸመለት ሰው ውሉ እንዲፈጸምለት ወይም እንዲሰረዝለት መጠየቅና ለደረሰበት ጉዳት ኪሣራ መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ በስልክና በኢንተርኔት የሚደረግ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ እንዳያጣ አድርጓል። ገና ከመጀመሪያው ለማጭበርበር አስቦ ገንዘብ የተቀበለ ሰው ካለም የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ስለ ማታለል ይደነግጋል። ችግሩ ሻጩ «ላመጣ ነበር፣ ዕቃው ጠፍቶ ነው» ካለ፣ ሐሳቡን ማስረዳት ከባድ ነው። ያኔ «ይህ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፣ ፍርድ ቤት ሂጂ» ይባላል። ፍርድ ቤቱ ደግሞ ከገንዘቡ በላይ ያስወጣል። መብቱ በወረቀት ላይ አለ፤ ለመብቱ መጠን የሚሆን በር ነው የሌለው።

ሌሎች አገሮች ይህን በር ለይተው ሠርተዋል። በካሊፎርኒያ አንድ ግለሰብ እስከ 12,500 ዶላር ድረስ ለአነስተኛ ክርክሮች ችሎት ማቅረብ ይችላል። የመክፈቻ ክፍያው እንደ ገንዘቡ መጠን ባብዛኛው ከ30 እስከ 75 ዶላር ነው፣ በችሎቱ ላይም ጠበቃ ቆሞ አይከራከርም። ሎስ አንጀለስ የሚኖር ሐበሻ ዕቃ አዝዞ ቢቀርበት ቅጹን ሞልቶ፣ ደረሰኙን ይዞ፣ ራሱ ዳኛ ፊት ይቀርባል። የአውሮፓ ኅብረትም ከእ.ኤ.አ. 2009 ጀምሮ ከአንዱ አባል አገር ሆኖ በሌላው አገር ያለን ሻጭ በቅጽ መክሰስ የሚቻልበትን ሥርዓት ዘርግቷል። ጣሪያው 5,000 ዩሮ ነው፤ ጠበቃ ግዴታ አይደለም፤ ባብዛኛው ባለጉዳዮቹ ችሎት ሳይረግጡ በጽሑፍ ያልቃል።

«ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። በድሮ ዘመን የተበደለ ሰው «በሕግ አምላክ!» ብሎ በዳዩን መንገድ ላይ ያስቆም ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይሄዱ ነበር። ከጣልያን ወረራ በኋላ የተቋቋሙት አጥቢያ ዳኞች እስከ 25 ብር የሚደርስ ክርክር ያዩ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአዲስ አበባ ቻርተርም እስከ 5,000 ብር የሚደርስ የንብረትና የገንዘብ ክርክር ለቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ሰጥቶ ነበር። ያኔ አንድ ዶላር ከ9 ብር በታች ነበር፤ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ግን ከ100 ብር አልፏል። ያኔ ቁም ነገር ይገዛ የነበረው 5,000 ብር ዛሬ የአንድ ሕፃን አልጋ ዋጋ እንኳ አይሞላም። ትንሹን ክርክር ለትንሽ ችሎት መስጠት የቆየ ልማድ ነው። የቀረው ከዘመኑ ገንዘብና ከዘመኑ ገበያ ጋር ማስተካከል ነው።

የዘመኑ ገበያ አንድ ነገር ለውጧል። ሻጩ ጎረቤት አይደለም፤ ፊቱ አይታወቅም፣ ሱቅ የለውም። ሕጉ ደግሞ ክስ በመርሕ ደረጃ ተከሳሹ በሚኖርበት ወይም በሚሠራበት ቦታ ይቀርባል ይላል። አድራሻው የማይታወቅ ሰው የት ይከሰሳል? ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ሻጩ ያሰበውን ያህል አልተደበቀም። ገንዘቡን የተቀበለበት የቴሌብር ወይም የባንክ ሒሳብ ስም አለው። ሲም ካርዱ በመታወቂያ የተመዘገበ ነው። እያንዳንዱ ዝውውር ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት አለው። የድሮው ነጠላ ተበጥሷል፤ የክፍያ መልእክቱ ግን ዛሬም ከሳሽንና ተከሳሽን ያቆራኛል። የጎደለው ቁራኛውን ይዞ የሚሄዱበት ዳኛ ነው።

ስለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ ሕንፃ አይደለም፤ አጭር ሥርዓት ነው። አንደኛ፣ አሁን ባሉት ፍርድ ቤቶች ውስጥ ለአነስተኛ ገንዘብ የተለየ ችሎት ይኑር፤ የገንዘቡ ጣሪያም በየጊዜው ይከለስ። ሁለተኛ፣ ክሱ በአንድ ገጽ ቅጽ፣ ያለ ጠበቃ፣ በአነስተኛ ክፍያ ይቅረብ፤ የክፍያው መልእክትና የቴሌግራም ንግግሩ በማስረጃነት ይያያዙ። ሦስተኛ፣ ከሳሽ የተከሳሹን አድራሻ ፍለጋ አይንከራተት፤ ችሎቱ በትእዛዝ ከባንኩ ወይም ከቴሌኮሙ ይጠይቅ። ሲም ካርዱ የሌላ ሰው ከሆነም ገንዘቡን በስሙ የተቀበለው ሰው መጀመሪያ መልስ ይስጥ። አራተኛ፣ ጉዳዩ በአንድ ቀጠሮ ይለቅ።

ሁለት ተቃውሞዎች ክብደት አላቸው። የመጀመሪያው «ፍርድ ቤቶች በመዝገብ ተጨናንቀዋል፣ በዚህ ላይ የአልጋና የጫማ ክስ ይጨመር?» የሚለው ነው። መልሱ እነዚህ ጉዳዮች እንደ ትልቁ ክርክር ረጅም ሙግት የሚፈልጉ አለመሆናቸው ነው። ገንዘቡ ተልኳል ወይስ አልተላከም? ዕቃው ደርሷል ወይስ አልደረሰም? ሁለቱን ጥያቄ የሚመልስ ማስረጃ በስልክ ውስጥ አለ።

ሁለተኛው ለሻጮች የሚቆረቆር ነው። ቴሌግራም ላይ የሚነግደው ሁሉ አጭበርባሪ አይደለም። ብዙዎቹ ከቤታቸው ሆነው ልጅ እያሳደጉ የሚነግዱ ሴቶችና ሥራ ያጡ ወጣቶች ናቸው። ሐሰተኛ ክስ ቢበዛባቸውስ? እውነት ነው፣ ያለ መሠረት የሚከስ ሰው ኪሣራ መክፈል አለበት። ነገር ግን አጭበርባሪው መጀመሪያ የጎዳው እነዚህኑ ነው። ቀብድ የሚልክላቸው ጠፍቷል። በእጅ ክፍያ ለመሸጥ ዕቃውን በሞተር ሲኤምሲ ድረስ ይልካሉ፤ ገዢው ስልኩን ዘግቶ ይጠብቃቸዋል። የደርሶ መልሱን ሒሳብ ማን ይከፍላቸዋል? ያው ትንሽ በር ለእነሱም ይከፈት።

አንድ እውነት መደበቅ የለበትም። ፍርድ ማግኘትና ገንዘብ ማግኘት አንድ አይደሉም። በካሊፎርኒያም የረታ ሰው የተፈረደለትን ገንዘብ ራሱ ተከታትሎ ማስከፈል አለበት። እዚህ ግን ገንዘቡ የገባበት ሒሳብ ስለሚታወቅ ፍርዱን በዚያው ሒሳብ ላይ ማስፈጸም ይቻላል፤ ሒሳቡ ባዶ ሳይሆን ለመድረስ ግን ፍጥነት ይጠይቃል።

እስከዚያው ገዢ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። የክፍያውን መልእክትና ንግግሩን ያስቀምጥ፤ የቻናሉን ስም፣ ስልክ ቁጥሩንና ማስታወቂያውን ሳይጠፋ ስክሪንሹት ያንሳ። ቀጥሎ ቀን ገድቦ «ዕቃውን ወይም ገንዘቤን» የሚል ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይላክ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1772 በመርሕ ደረጃ ይህን ይጠይቃል። በዚያው ሻጭ የተበደሉ ሌሎች ካሉም ይፈልጋቸው። ለብቻው ያልተሰማ አቤቱታ በአሥር ሰው ሲቀርብ ክብደቱ ሌላ ነው።

ዋናው ሥራ ግን የሕግ አውጪውና የፍርድ ቤቶች ነው። ገንዘብ በሰከንድ የሚሄድበትን መንገድ አገሪቱ ሠርታለች፤ ያለ አግባብ የሄደው ገንዘብ የሚመለስበትን መንገድ ገና አልሠራችም። ያ እስኪሆን ድረስ ያቺ እናት ልጇን በተውሶ አልጋ ታስተኛለች፣ ቻናሉም ያንኑ ፎቶ ደግሞ ደጋግሞ ይለጥፋል።