የሞተር ሳይክል ጎማም እንደ ማረሻ በወቅቱ ይታሰብበት

በደጋው አገር ገበሬ ማረሻውን ወደ ቀጥቃጭ ለመውሰድ የሐምሌን ዝናብ አይጠብቅም። በሬውን ከመጥመዱ በፊትም ጫንቃውን ዳብሶ ቁስል እንዳለውና እንደሌለው ያያል። ይህ ጥንቃቄ ግን ለቀበሌው ሥራ ለሚሽከረከረው ሞተር ሳይክል ሲደረግ ብዙ ጊዜ አይታይም። ለነዳጅ ገንዘብ ይመደባል፤ ጎማ የሚታወሰው ግን ሞተሩ መንገድ ላይ ከቆመ በኋላ ነው። ይህ አሠራር መታረም ይኖርበታል። የማስተካከሉ ኃላፊነትም የነጂው ብቻ ሳይሆን የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ጭምር ነው።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በስተምዕራብ ያለው የፎገራ ሜዳ ወደ 1,800 ሜትር ዝቅ ሲል፣ በስተምሥራቅ የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። አንድ የእንስሳት ሐኪም ክትባት በበረዶ ሣጥን ይዞ ሲነሣ በአንድ ቀን ውስጥ አስፋልት፣ ጠጠር፣ ዋልካ ጭቃና ድንጋያማ ዳገት ሊያጋጥመው ይችላል። መንገድ ላይ ጎማው ቢተነፍስበትና ቢዘገይ በረዶው ይቀልጣል፤ ክትባቱ ኃይሉን ያጣል፤ በጋቸውን ሰብስበው ከጧት ጀምሮ የሚጠብቁት ገበሬዎችም እንዲሁ ይበተናሉ። በቁልቁለት ላይ የፊት ጎማ ቢፈነዳ ደግሞ የሚጠፋው የሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል።

ጎማ ሲመረጥ መቅደም ያለበት ጥያቄ «ሞተሩ አብዛኛውን ቀን የሚውለው በየትኛው መንገድ ላይ ነው?» የሚለው ነው። ጥርሱ ትልልቅና የተራራቀ ጎማ ለጭቃና ለኮረት ይመቻል። ይህንኑ ጎማ ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ በሚወርደው አስፋልት ላይ አዘውትሮ መንዳት ግን ጥርሱን ቶሎ ይበላዋል፤ መንገዱ በዝናብ ሲርስም ፍሬን ሲያዝ አጥብቆ አይዝም። ጥርሱ ጥልቀት የሌለው የአስፋልት ጎማ በበኩሉ ዋልካ ሲገባ ጭቃው ይሞላውና ይንሸራተታል። እኩሌታው አስፋልት እኩሌታው ጥርጊያ ለሆነ ሥራ የሚሻለው ለሁለቱም መንገድ ተብሎ የተሠራው ጎማ ነው። ይህ ጎማ በአስፋልቱም በጭቃውም አንደኛ አይሆንም፤ ዳሩ ግን በሁለቱም ላይ ሰውን አያጋልጥም። በክረምት የፎገራ ዋልካ በደንብ ሲርስ ግን ሞተሩን ከመንገድ ዳር አቁሞ በእግር መግባት ከየትኛውም ጎማ ይበልጣል።

ገዢው በጎማው ጎን የተጻፈውን ማንበብ አለበት። ለምሳሌ 90/90-18 ቢል ስፋቱ 90 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ቁመት ከስፋቱ 90 በመቶ፣ የሚገባበት ቸርኬ ደግሞ 18 ኢንች ነው ማለት ነው። ከዚህ የተለየ ልክ «ይገባል» ተብሎ መገዛት የለበትም። በአራት አኃዝ የታተመው የተሠራበት ጊዜ ነው፤ 1823 ቢል እ.ኤ.አ. በ2023 በ18ኛው ሳምንት ተሠርቷል። ላስቲክ ሳይነዳም በዕድሜ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃልም። ስለዚህ ረጅም ዓመት በሱቅ የቆየ ጎማ በርካሽ ቢገኝም አያተርፍም። የዙሩን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ካለው ሲገጠም መጠበቅ አለበት።

ነፋስ የሚሞላውን ጎማ ለአገልግሎት ያበቃው ጆን ቦይድ ደንሎፕ የከብት ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 ቤልፋስት ከተማ ይህን ያሰበው የልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት እንዳይንገጫገጭ ብሎ ነው። ዛሬም ጭነቱን የሚሸከመው በውስጥ የታመቀው አየር ነው። አየሩ ሲያንስ ጎማው እየተጣጠፈ ይግላል፤ ጎኑ ይሰነጠቃል፤ ድንጋይ ሲመታም ከመነዳሪው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተጨፍልቆ ይቀደዳል። ሲበዛ ደግሞ መሬት የሚነካው ክፍል ይጠብና ሞተሩ ይንሸራተታል። ጥርሱ መካከሉ ላይ ብቻ ካለቀ አየር በዝቶበት ይሆናል፤ ዳርና ዳሩ ካለቀ አንሶታል።

ትክክለኛው ልክ በሞተሩ መምሪያ መጽሐፍ ላይ ይገኛል። በጎማው ጎን የሚነበበው ቁጥር መቻል የሚችለው ከፍተኛው እንጂ የዕለት ልክ አይደለም። የሚለካውም ከጉዞ በፊት ጎማው ሳይሞቅ ነው። ከኋላ ሰው ወይም ዕቃ ሲጫን መምሪያው በሚያዘው መጠን ይጨመርበታል። በጣት መጫን ወይም በእግር መምታት መለካት አይደለም።

እሾህ ወይም ምስማር የወጋው ከመነዳሪ ሲለጠፍ ቦታው ተፍቆ፣ ማስቲሹ ተቀብቶ እስኪጠነፍፍ መጠበቅ ያስፈልጋል። ከመመለሱ በፊት የጎማው ውስጥ በጥንቃቄ በእጅ ይዳበስ፤ እሾሁ እዚያው ከቀረ የተለጠፈው ዳግመኛ ይበሳል። አንዳንዶች ያለቀውን የኋላ ጎማ በአዲስ ተክተው ለፊተኛው አይጨነቁም። ይህ ስሕተት ነው፤ ሞተሩ የሚመራውና ቁልቁለት ላይ አብዛኛውን የፍሬን ኃይል የሚሸከመው የፊቱ ነውና።

«ለጎማ የሚሆን ገንዘብ ከየት ይመጣል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ጎማ ያልተገዛለት ሞተርም ወጪ አለው፤ የተበላሸ ክትባት፣ ለሁለተኛ ጊዜ የሚከፈል ነዳጅ፣ የታጠፈ ቸርኬና የተሰበረ ራጂ ሁሉ ወጪ ናቸው።

ስለዚህ በየማኅበሩ ሦስት ነገሮች ቢፈጸሙ ይበጃል። አንደኛ፣ የዓመቱ ዕቅድ ሲወጣ ጎማና ከመነዳሪ ከነዳጅ ጎን ራሱን የቻለ መደብ ይኑራቸው፤ ግዢውም ክረምት ሳይገባ በግንቦት ይጠናቀቅ። ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ሞተር የአየር መለኪያ፣ መንፊያና የመለጠፊያ ዕቃ ይሰጠው። ሦስተኛ፣ ሰኞ ሰኞ ጧት ሞተሩ ከመውጣቱ በፊት አየሩንና ጥርሱን አይቶ በመዝገብ የሚያሰፍር አንድ ሰው በስም ይመደብ።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የአምስት ደቂቃ ምርመራ የአንድ ቀበሌን የክትባት ቀን ያድናል። ማረሻውን በወቅቱ የሚያስቀጠቅጥ ገበሬ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። የሚቀረው መሪዎቹ በሚቀጥለው ስብሰባቸው ጉዳዩን በአጀንዳ ይዘው መወሰናቸው ነው።