በሜዳችን ተበላሁ!

የዛሬዋ ደብዳቤ የደረሰችኝ ካደግኩባት ከተማ ከአርባ ምንጭ ነው። ጸሐፊው ከሲቀላ ሴቻ ባጃጅ የሚነዳ የ26 ዓመት ወጣት ነው። «ስሜን ደብቅልኝ» ብሏል። ኧረ እኛ መቼ ስም ጠርተን እናውቃለን! ከደብዳቤዋ ዋና ዋናውን ላንብብላችሁ፦

«ወንድሜ፣ ከእጮኛዬ ጋር የተዋወቅነው በ2014 ዓ.ም. ግብፅን ባሸነፍንበት ማታ ነው። ከደስታዬ ብዛት ሰው ሁሉ በነጻ ስጭን እሷም ገባች። በዚያው ቀን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቲንግ ቆርጬ ነበር፤ በ200 ብር ከ1,000 ብር በላይ በላሁ። ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያ ስትጫወት ሳልቆርጥ አላድርም። ለሠርጋችን ብዬ የገባሁት እቁብ ደርሶኝ 60 ሺህ ብር ወስጄ ነበር። ኢትዮጵያ ከግብፅ በሜዳዋ ስትጫወት ሙሉውን ቆረጥኩበት። ተበላሁ። ለእሷ እስከ ዛሬ ዕጣው አልደረሰኝም እያልኳት ነው። እቁቡ ሊያልቅ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ሲያልቅ ጉዴ ይፈላል። ልንገራት ወይስ ተበድሬ ልተካው?»

ደብዳቤዋን ሁለት ጊዜ አነበብኳት። ሁለቱንም ጊዜ ያቆመችኝ «በሜዳዋ» የምትለው ቃል ናት። ልጁ የሚያወራው መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ስለተደረገው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ነው። ያ ጨዋታ የተደረገው ካዛብላንካ፣ ሞሮኮ ነው! የኔ ወንድም፣ የትኛው ሜዳችን?

ግን አትፍረዱበት። እኔም «በሜዳችን» እያልኩ ስጮህ ነው የከረምኩት። ነገሩ የጀመረው በዚያው በ2014 ነው። መስከረም 29 ቀን ደቡብ አፍሪካን ባሕር ዳር ላይ አስተናግደን 3 ለ 1 ተሸነፍን። ከዚያ ካፍ ስታዲየሙ መስፈርት አያሟላም ብሎ ዘጋብን። አዲስ አበባ ስታዲየምም፣ ያ በጥቅምት 2005 ሱዳንን 2 ለ 0 ረትተን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፍንበት፣ ያ ሀገር ያለቀሰበት ሜዳ፣ ለካፍ አይመጥንም ተብሎ ነበር። መብራቱ፣ መልበሻ ክፍሉ፣ ወንበሩ፣ ሣሩ... ብቻ የሚጎድለው አይጠፋም። ይህን ሁሉ ሕዝብ ይዘን አንድ ሜዳ አጣን። ኅዳር 2 ቀን ከጋና ጋር ያለንን «የሜዳችንን» ጨዋታ ልናደርግ ጆሃንስበርግ ወረድን።

ያን ቀን ሲቀላ ውስጥ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ነበርኩ። መጀመሪያ ሳቅን። አንዱ «ጆሃንስበርግማ ሜዳችን ነው፤ ግማሹ የሰፈራችን ልጅ እዚያ አይደል እንዴ!» አለ። እውነቱን ነው፤ ከደቡብ ወደዚያ ዘመድ ያልሸኘ ቤት ጥቂት ነው። ጋና ቀድሞ አገባ፤ ጌታነህ ከበደ አቻ አደረገን፤ 1 ለ 1 ወጣን። ጎሏ ስትገባ ጮኽን፣ ተቃቀፍን። ግን ምን ልበላችሁ... ጩኸታችን ቶሎ አለቀ። አዲስ አበባ ላይ ጎል ሲገባ ጩኸቱ ከቴሌቪዥኑም ይመጣል፣ ከጎረቤትም ይመጣል፣ እየተቀባበለ ይቆያል። ያን ቀን የጮኽነው እኛው፣ የሰማነውም እኛው ነን። ከጥግ የተቀመጡ አንድ አዛውንት «ሠርጉ ጎረቤት ቤት የተደገሰለት ሙሽራ» ብለው ተረቱብን። ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀም።

ቀጥሎ የመጣው የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ መክፈቻ ነው፤ የልጁ ጣጣ የተወለደበት። እሁድ ግንቦት 28 ቀን 2014 ሊሎንግዌ ላይ ማላዊ 2 ለ 1 አሸነፈችን። የእንግዳ ጨዋታ ነበር። ሐሙስ ሰኔ 2 ቀን ደግሞ እዚያው ሊሎንግዌ፣ እዚያው ስታዲየም ውስጥ ከግብፅ ጋር ተጫወትን፤ አሁን ባለሜዳ ሆነን! እሁድ የሰው የነበረ ሜዳ ሐሙስ የኛ ሆነ። እንዲህ ያለ የመሬት ዝውውር በየትኛው ማዘጋጃ ቤት አይታችኋል?

ግን አሸነፍን። ዳዋ ሆቴሳ አንድ፣ ሽመልስ በቀለ ሁለት፤ ሁለቱም ከእረፍት በፊት። ግብፅን! ሰባት ጊዜ የአፍሪካ ዋንጫ የወሰደችውን ግብፅን! ዲኤስቲቪ ቤቱ ለሁለት ሊሰነጠቅ ነበር። የማላውቀውን ሰው አቅፌ ስሜያለሁ። ባጃጆቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ ከሲቀላ ወደ ሴቻ ዳገቱን ሲወጡ፣ ከላይ አባያና ጫሞ ሲመሹ፣ ሀገሩ ሁሉ ሜዳው የትም ይሁን የት ግድ አልነበረውም። ከእነዚያ ባጃጆች አንዷ የጸሐፊያችን ነበረች ማለት ነው። እኔም ተሳፍሬባት ይሆናል፤ ማን ያውቃል?

እንግዲህ ልጁ በአንድ ማታ ሦስት ነገር አገኘ። ሀገሩ አሸነፈች፣ የሚያገባት ልጅ ባጃጁ ውስጥ ገባች፣ በኪሱ ያልለፋበት ብር ገባ። ሦስቱን አንድ ላይ ቋጥሮ ያዛቸው። ብሩን ሲቆርጥ ሀገሩን የሚደግፍ ይመስለዋል። ሀገሩ ስትጫወት ያ ማታ ተመልሶ የሚመጣ ይመስለዋል። እኔ ይሄ ይገባኛል። ቤቲንግ ቤቱ ግን የሚያውቀው ሦስተኛውን ብቻ ነው።

ያ ማታ አልተመለሰም። በኅዳር 2016 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሲከፈት «ሜዳችን» ሞሮኮ፣ ኤል ጃዲዳ የምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ሆነች። ከሴራሊዮን 0 ለ 0። ከስድስት ቀን በኋላ እዚያው ቡርኪና ፋሶ 3 ለ 0 ቀጣችን። የመጀመሪያውን ያየሁት በስልክ ነው፤ ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል። ብሔራዊ መዝሙሩ ሲዘመር ብቻዬን ነበርኩ፤ ልቁም ልቀመጥ ግራ ገባኝ። ቆምኩ። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ምነው ልጄ፣ ደህና ነህ?» አለችኝ።

በጳጉሜን 2016 አዲስ ዓመት ሁለት ቀን ሲቀረው ዳሬሰላም «ሜዳችን» ሆነች፤ ኮንጎ 2 ለ 0 አሸነፈችን። እዚያው ሜዳ ላይ ከአምስት ቀን በፊት የታንዛኒያ እንግዳ ነበርን። በጥቅምት 2017 አቢጃን «ሜዳችን» ሆነች፤ ጊኒ 3 ለ 0። በኅዳር ደግሞ ኪንሻሳ «ሜዳችን» ሆነችና በታንዛኒያ 2 ለ 0 ተሸነፍን። ከሦስት ቀን በኋላ እዚያው ኪንሻሳ፣ አሁን እንግዳ ተብለን፣ ኮንጎን 2 ለ 1 አሸነፍናት! በሜዳችን ተሸንፈን በሰው ሜዳ አሸነፍን፤ ከተማው ግን አንድ ነው። አልቅስ ወይስ ሳቅ? አንድ ጓደኛዬ «ከእንግዲህ ፌዴሬሽኑ እንግዳ አድርጉን ብሎ ያመልክት» አለ።

ወንድሜ፣ እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ የቀረሁ ሰው ነኝ፤ ሒሳብ አልወድም። ይቺን ያህል ግን ልንገርህ። ባለሜዳ ይጠቅመዋል የሚባለው ስም ስለሚጠቅም አይደለም። በራሱ አልጋ ስለሚያድር፣ ሣሩን ስለሚያውቅ፣ ሕዝቡ ዳኛውን ስለሚያስፈራለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከፍታው አለ፤ እንግዳው ሰባ ደቂቃ ሲሞላ አፉን ከፍቶ አየር ይፈልጋል። ካዛብላንካ ባሕር ጠርዝ ላይ ናት። እዚያ ከፍታ የለ፣ ሕዝብ የለ፣ የራስ አልጋ የለ። ደግሞም በ2014 ሊሎንግዌ ላይ ሳላህ ተጎድቶ አልተሰለፈም ነበር። ካዛብላንካ ላይ ተሰለፈ፤ የመጀመሪያውን ጎል ያገባውም እሱ ነው። 2 ለ 0። አንተ «ባለፈው በሜዳችን አሸንፈናቸዋል» ብለህ 60 ሺህ ብር ስትቆርጥ «በሜዳችን» የሚለው ወረቀት ላይ ብቻ ነበር።

የከተማችን ክለብስ ቢሆን? ፕሪሚየር ሊጉ በ2013 በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ መካሄድ ከጀመረ ወዲህ አዞዎቹንም ያየናቸው በዲኤስቲቪ ነው፤ ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ድሬዳዋ ላይ ሲጫወቱ። አዞ ከሐይቁ ሲወጣ እንዴት እንደሚሆን ለአርባ ምንጭ ሰው አልነግርም።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ተበድሬ ልተካው ላልከው፣ አትበደር። እቁቡን ገና እየከፈልክ ነው፤ የባጃጁ ጎማና ነዳጅ አለ፤ በዚያ ላይ ወለድ ሲጨመር ለሠርግህ ሳይሆን ለአበዳሪህ ነው የምትነዳው። ደግሞ አንተን እንደማውቅህ (አላውቅህም፣ ግን አውቅሃለሁ) የተበደርከው ብር ኪስህ ሲገባ «በዚህኛው አስመልሳለሁ» ማለትህ አይቀርም።

ንገራት። ዛሬ ንገራት። ለምን እንዲህ እንደምል የራሴን ላጫውትህ።

የአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት የወጣ ጊዜ አልመጣልኝም። ለአባቴ «ገና ነው፣ የኛ ትምህርት ቤት ዘግይቷል» አልኩት። ሁለት ወር ሙሉ! ማታ ማታ ራት ስንበላ ቀና ብሎ ያየኛል፤ ምንም አይልም፤ ዓሣውን እየላጠ ከፊቴ ያኖርልኛል። እኔ እበላለሁ። በመጨረሻ መደበቅ ሰልችቶኝ ነገርኩት። «ውጤት የወጣ ዕለት ጎረቤታችን ነግሮኛል» አለኝ። «ታዲያ ለምን ዝም አልክ?» ብለው «አንተ እስክትነግረኝ» አለ። ሁለት ወር ሙሉ ሲጠብቀኝ ነበር። ከውጤቱ ይልቅ ያቺ ሁለት ወር እስከ ዛሬ ታሳፍረኛለች።

አርባ ምንጭ ትንሽ ከተማ ናት። እቁባችሁ ስልሳ ሰው አለበት። ስልሳ ሰው ዕጣ ሲወጣልህ አይቷል፣ ዋስህ ፈርሟል። እሷ ደግሞ ገበያ ትወጣለች፣ ፀጉሯን ትሠራለች፣ ቡና ትጠጣለች። በእውነት እስከ ዛሬ አልሰማችም ብለህ ታስባለህ? እኔ አላስብም። ምናልባት እሷም ዓሣ እየላጠችልህ ይሆናል።

«ሽማግሌ ልላክ?» ብለህ ከሥር ጨምረሃል። አይሆንም! የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው የተንበረከኩት በመስከረም 2011፣ የተቆጣው ወጣት ሰው እንዳይጎዳ፣ ንብረት እንዳያወድም ነው። ያ ሣር ለደም የሚያዝ ነው፤ ለቤቲንግ አይያዝም። ይህን አንተው በአፍህ ጨርሰው። ሽማግሌዎቹን ለአባቷ ቤት አቆያቸው፤ ያስፈልጉሃል።

ስትነግራት ባጃጁ ውስጥ አይሁን፤ ፊቷን አታይም። ማታም አይሁን። ከሰዓት በኋላ ሥራ አቁምና ሴቻ ጫፍ ሐይቁ የሚታይበት ቦታ ውሰዳት። ስለ ሳላህ አታውራ፣ ስለ ካዛብላንካ አታውራ፣ ስለ ካፍ አታውራ። «ብሩን ወስጄ ነበር፣ በቤቲንግ አጠፋሁት፣ ዋሸሁሽ» በል። ሦስት ዓረፍተ ነገር ናት። ከዚያ ዝም በል። ታለቅስ ይሆናል። ትታህ ልትሄድም ትችላለች፤ ይህን ልደብቅህ አልችልም። ከሄደች ባጃጅ ይዘህ አትከተላት። ሠርጉን በዓመት እናራዝመው ካለች ግን በዕለቱ አጎንብሰህ አመስግናት፤ ከዚያ ጀምሮ የቀን ገቢህን እሷ ትያዘው። አያሳፍርም። እኔ ከምጽፈው የማገኘውን ሳንቲም እስከ ዛሬ የምትይዝልኝ እህቴ ናት።

ስለ ጨዋታውስ? «ኳስ ማየትም ላቁም?» ብለሃል። ኧረ አታቁም! ማን ይደግፋት? የትም ሜዳ ላይ ትጫወት፣ እይ፣ ጩህ፣ ተናደድ። ግን ስልክህን ለሰው ስጥ፤ ኪስህ ውስጥ የሻይ ብር ብቻ ይኑር። ባዶ ወንበር ፊት ስትሸነፍ ማየት ያማል፤ እኔንም ያመኛል። ያ ሕመም ነጻ ነው፤ አንተ ነህ 60 ሺህ ብር የጨመርክበት።

ደብዳቤህ ውስጥ የ2014ቷ ትኬት ኮፒ አሁንም ባጃጁ መስታወት ላይ ተለጥፋ እንዳለች ጽፈሃል። መጀመሪያ እሷን ላጣት። ከዚያ ሴቻ ውጣ። እቁቡ ከማለቁ በፊት ምን እንዳለችህ ጻፍልኝ፤ ፖስታው ላይ ስምህን ባትጽፍም በእጅ ጽሑፍህ አውቅሃለሁ።