ቦሎ የለጠፈ ሁሉ ጤነኛ አይደለም
ስለ ሚኒባሱ ግዥ ከማኅበሩ ጸሐፊ የቀረበ ተቃውሞ



እንደሚታወቀው ሕመምተኛ ወደ ባሕር ዳር የሚያደርስ፣ ለቅሶ ሲሆን ድንኳንና ወንበር የሚያመላልስ፣ በትርፍ ጊዜው የሚከራይ አንድ ያገለገለ ሚኒባስ እንዲገዛ በጠቅላላ ስብሰባ ወስነናል። እኔም እጄን አውጥቼ ደግፌያለሁ፣ አሁንም እደግፋለሁ። የምቃወመው የግዥውን አካሄድ ነው። በኮሚቴ ብናገር የሚሰማኝ ስላጣሁ ነገሩን እዚህ ሰሌዳ ላይ አወጣሁት። «ጸሐፊው እንቅፋት ሆነ» ተብያለሁ። ይባል።

ኮሚቴው መኪናውን ሊያይ ባሕር ዳር ሄዶ ነበር። ምን አይታችሁ መጣችሁ ብዬ ብጠይቅ «ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ቦሎው የዘንድሮ ነው፣ ደላላው የታወቀ ሰው ነው» አሉኝ። በቃ ይኸው ነው። ሻይ ጠጥተው ተመለሱ።

እኛ እኮ እዚሁ ዱርቤቴ ገበያ በሬ ስንገዛ አፉን ፈልቅቀን ጥርሱን እናያለን። ሻኛውን እንዳብሳለን፣ እናስኬደዋለን፣ ከማን በረት እንደ ወጣና ለምን እንደሚሸጥ እንጠይቃለን። አንዳንዱ ሰው ጠምዶ ሳያይ ብር አይቆጥርም። በሬው የአንድ ቤት ንብረት ነው። ይኸ መኪና ግን ስምንት ዓመት በየወሩ ያዋጣነው፣ ባልቴቶች ከእንቁላልና ከበርበሬ ሽያጭ ቆጥበው ያመጡት ገንዘብ ነው።

ስለ ቦሎው ልናገር። ቦሎ ማለት መኪናው በዓመት አንድ ቀን ለምርመራ ቀርቦ በዚያ ቀን አለፈ ማለት ነው። መርማሪው ፍሬኑን፣ መብራቱን፣ ጎማውን፣ መሪውን፣ ጭሱን ያያል። ሞተሩን ፈትቶ አያይም፣ ካምቢዮውን ከፍቶ አያይም፣ ነገ ምን እንደሚሆን አይነግርም። ለምርመራው ቀን ደህና ጎማ ተውሶ፣ አልፎ ሲመለስ አሮጌውን የሚያስር ሰው እንዳለ ሾፌሮቹ ራሳቸው ሲጫወቱ ሰምተናል። የዘንድሮው ቦሎ ብቻውን ምን ይመሰክራል? የአምና፣ የካቻምናው የት አለ? መኪናው ሁለት ዓመት ቆሞ ከርሞ ለሽያጭ ብቻ ተጠጋግኖ እንደሆነስ ማን ያውቃል?

ሌላው የሞዴሉ ነገር ነው። ደላላው «የ98 ሞዴል ነው» ሲል የኛ ሰዎች በኛ አቆጣጠር 1998 ዓ.ም. መስሏቸው ተደስተዋል። የመኪና ሞዴል የሚቆጠረው በፈረንጅ ነው። የፈረንጅ 1998 በኛ 1990 ዓ.ም. ነው። ስምንት ዓመት በአንድ ቃል ጠፋ! ሊብሬው ላይ የተሠራበት ዘመን ተጽፏል፤ ማንም አልገለጠውም።

«እንግዲህ አሮጌም ቢሆን ዋጋው ይኸው ነው» የሚለውን አልክድም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አገልግለው በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ሁሉ ተወደደ፣ ሻጭም ኮራ። ነገር ግን ዋጋው ሲወደድ ምርመራው መጥበቅ ነበረበት፤ እኛ ገለበጥነው። ይወደዳል ብለን ዓይናችንን ጨፈንን።

በእንግሊዝ አገር ሦስት ዓመት ያለፈው መኪና በየዓመቱ ይመረመራል። ማንም ሰው የታርጋውን ቁጥር ይዞ መቼ እንዳለፈ፣ መቼ በምን ምክንያት እንደ ወደቀ፣ ኪሎ ሜትሩ በየምርመራው ስንት እንደነበረ ያለ ክፍያ ያያል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ወደ ኋላ የመለሰ ሻጭ እዚያ ላይ ይጋለጣል። እኛ ዘንድ ነገሩ እንደዚያ አልቀለለም፤ ቢሆንም መኪናው የተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ፋይል አለው። ባለቤቱ ራሱ ቀርቦ ይጠይቅ፣ የኛ ሰው አጠገቡ ይቁም። ዕዳ ወይም እገዳ አለበት ወይ? ስንት ባለቤት ተፈራረቀበት? በኮድ 1 ወይም በኮድ 3 ተመዝግቦ ቀን ከሌት ሰው ሲጭን የኖረ ነው ወይ? በየዓመቱ የተመረመረበትን ወረቀትም ያምጣ። ያስቀመጠ ሰው አያፍርበትም፤ «ጠፋብኝ» ካለ ግን እኔ እጠረጥራለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

«ታርጋው የአዲስ አበባ ነው፣ ማን ይሄዳል» ተብሏል። የዱርቤቴ ልጆች አዲስ አበባ ሞልተዋል። አንዱን በስልክ ብንለምነው እምቢ አይለንም።

መካኒክም ይሂድ፤ ደላላው የሚያመጣው ሳይሆን እኛ ከፍለን የምንወስደው። ጧት ሞተሩ ሳይሞቅ ይድረስ። ኮፈኑን ሲዳስሱት ሞቆ ከጠበቀ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታልና ሌላ ቀን ይመለሱ። ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ይበላል። ከዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የነካው ቡና የመሰለ ነገር ከተገኘ ብዙ ጊዜ ውሃና ዘይት ተደባልቀዋል ማለት ነው። ፍሬኑ ተረግጦ ሲያዝ እግር ቀስ እያለ ከወረደ ያፈሳል። ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ሆኖ የፔዳሉ ጎማ ካለቀ ቆጣሪው ዋሽቷል። ከአሮጌ ሬዲዮ ስፒከር የወጣ ማግኔት ይዘው ጎኑን ይንኩ፤ ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ፣ ማለት አንድ ቀን ተጋጭቷል። ከሁሉ በፊት የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ ያስተያዩ።

ይኸን ቁጥር አጥብቄ የማነሳው ስለ ተቃጠልኩ ነው። በ2010 ዓ.ም. ከአማቼ ልጅ ጋር አሮጌ ባጃጅ ገዝተን ነበር። ቦሎ ነበረው። ስም ልናዛውር ስንሄድ የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው አልገጠመም፤ ሻጩ ስልኩን ዘጋ። ባጃጁ ዓመት ከመንፈቅ ግቢዬ ውስጥ የዶሮ ማደሪያ ሆነ። የአማቼ ልጅ እስከ ዛሬ ደህና አድርጎ አያናግረኝም።

አሁን ደግሞ «ሌላ ገዥ መጥቷል፣ በዚህ ሳምንት ቀብድ እንስጥ» ይባላል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደሚለው ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ልተው ቢል ቀብዱን ያጣል። መኪናው የታመመ መሆኑን በኋላ ብናውቅ ምን ልንል ነው? «ስሙ ይቆይ፣ በውክልና ይነዳል» የሚለውንም አልቀበልም። ወካዩ ውክልናውን ሊሽር ይችላል፣ ከሞተም ከወራሾች ጋር ክርክር ነው። በማኅበሩ ስም ከተዛወረ ደግሞ ሌላ ኃላፊነት አለ። በዚያው ሕግ አንቀጽ 2081 መሠረት መኪናው ጉዳት ቢያደርስ ባለቤቱ ይጠየቃል። ፍሬን ተበጥሶ በመራዊ መንገድ ላይ ሰው ቢገጭ ተጠያቂው ደላላው ሳይሆን ይኸ ማኅበር ነው። ውስጡ የሚተኛውም ምጥ የያዛት የጎረቤታችን ልጅ ናት።

ከባንክ ገንዘብ ለማውጣት ሦስት ፊርማ ያስፈልጋል፤ የሰብሳቢው፣ የገንዘብ ያዡና የኔ። የፋይሉ ማስረጃና የመካኒኩ ቃል በጽሑፍ ሳይመጣ እኔ አልፈርምም። በዚህ ቅር የሚለው አባል ካለ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ ይጠራ፣ ድምፅ ይሰጥና ከጸሐፊነት ያውርደኝ። መዝገቡንና ማኅተሙን ይዤ እመጣለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ዱርቤቴ