«ምናለሽ ተራ» የሚባል ክለብ ለምን የለንም?

እስቲ አንድ ነገር ሞክሩልኝ። አዲስ አበባ ስታዲየም ሚስማር ተራ ቆማችኋል እንበል፤ ቡድናችሁ በሰማንያ ዘጠነኛው ደቂቃ አገባ። በአንድ ትንፋሽ «ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ!» ብላችሁ ጩኹ። … ደረሳችሁ? እኔ «ንግድ» ላይ ስደርስ ጎሉ ተሽሮ ነበር።

በባንኩ ኳስ ነገር የለኝም። በ2016 ዓ.ም. ከታች አድጎ በመጣበት ዓመት የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አንስቷል፤ አበጀ። ጠቤ ከስሙ ጋር ነው። ይሄ የቡድን ስም አይደለም፣ የፔሮል ራስጌ ነው። ልጅ ሆናችሁ ግድግዳ ላይ በከሰል የጻፋችሁት የቡድን ስም ትዝ ይላችኋል? ማናችሁም የመሥሪያ ቤት ስም የጻፋችሁ አይመስለኝም። (ኢትዮጵያ መድን ግን በእኔ በኩል ይለፍ። በ2017 ሻምፒዮን ስለሆነ አይደለም። «መድን» አጭር ነው፣ ከኢንሹራንሱ በፊት የነበረ ቃል ነው፣ ለሰው የሚቆም ዋስ ማለት ነው። ለበረኛ ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል?)

በኛ አገር ለክለብ ስም ሲወጣ የሚጠየቁት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። ደመወዙን የሚከፍለው የትኛው ድርጅት ነው? ወይም በጀቱ የሚወጣው ከየትኛው ማዘጋጃ ቤት ነው? የመጀመሪያው ባንክና ሲሚንቶ ይወልዳል፤ ሁለተኛው «ከነማ»ን ወለደ። ከነማ ማለት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ነው፣ ለማያውቅ። መድኃኒት ቤቱም ከነማ፣ ኳሱም ከነማ! ሀዋሳ በ1996 እና በ1999 ሻምፒዮን የሆነው በዚሁ ስም ነው። በኋላ ብዙዎቹ ክለቦች ከነማን ጥለው «ከተማ» ሆኑ፤ ሀዋሳ ከተማ፣ አዳማ ከተማ፣ ድሬዳዋ ከተማ። ድሬዳዋ ከተማ መሆኗን የተጠራጠረ ሰው ነበር እንዴ?

እንዲህ ማድረግም እንደሚቻል ያሳዩን አሉ። ጅማ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ሲያድግ «ጅማ አባ ጅፋር» ብሎ መጣ፤ በመጀመሪያ ዓመቱ፣ በ2010፣ ዋንጫውን ይዞ ሄደ። መቐለም «ከተማ»ን ጥሎ «70 እንደርታ» ሲል በ2011 ሻምፒዮን ሆነ። ፋሲል ከነማ ያቺን የመድኃኒት ቤት ጅራት ባይጥላትም ፊት ለፊቱ ንጉሥ ስላቆመ ደጋፊው «አፄዎቹ» ብሎ ጠራው፤ በ2013 ዋንጫ በላ። ስም ጎል ያገባል እያልኩ አይደለም። ግን «አፄዎቹ» ብሎ የሚዘፍንና «ማዘጋጃዎቹ» ብሎ የሚዘፍን ደጋፊ እኩል አይዘፍኑም።

ቅዱስ ጊዮርጊስን እንይ። በ1928 አራዳ ላይ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ስም በሚጠራ ሰፈር ተመሠረተ። ጣሊያን ገባና ስሙን «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» አደረገው። ሊቶሪዮ የፋሽስቶቹ ምልክት ነው። ውቤ ሰፈርን ከሙሶሊኒ ጋር ማጋባት! ጣሊያን ሄደ፣ ስሙ ተመለሰ። ደርግ መጣና የቢራ ፋብሪካ ቡድን አደረገው፤ በቢራም ስም ዋንጫ በላ። ደርግ ሄደ፣ ስሙ እንደገና ተመለሰ። ሁለት መንግሥት ነክቶት ሁለት ጊዜ የተመለሰ ስም ነው፣ ልብ በሉ።

እዚህ ላይ መርካቶ ትሞግተኛለች። ያው ጣሊያን ነው ገበያውን ከጊዮርጊስ ፊት ነቅሎ ወደ ምዕራብ ያዛወረውና በራሱ ቋንቋ «የአገሬው ተወላጆች ገበያ» ያለው። ንቀቱ ከነስሙ የመጣ ነው። ታዲያ ሊቶሪዮ ጠፍቶ መርካቶ ለምን ቀረ? ነጋዴው «ተወላጆች» የምትለዋን ቆርጦ ጣላት፣ የቀረችውን ቃል በአፉ እያሸ የራሱ አደረጋት። ዛሬ መርካቶን «ማዕከላዊ የንግድ ቀጠና» እንበላት የሚል ቢመጣ አውቶቡስ ተራ ሳይደርስ ይመልሱታል።

በ1936 በተደረገው የመጀመሪያው ሻምፒዮና አምስት ቡድኖች ነበሩ። አርመኖቹ አራራት አሉ፣ ተራራቸውን ይዘው መጡ። ግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ ጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ እኛ ጊዮርጊስ። እንግሊዞቹስ? ቢኤምኤምኢ። የወታደራዊ ሚሲዮናቸው ምኅፃር ነው። በታሪካችን የከፋው የቡድን ስም ይሄ ነው፤ ዋንጫውንም የወሰደው እሱ ነው፣ ምን ይደረግ።

ደርግማ ስም ማውጣት ያውቅበት ነበር … ማለቴ ያወጣ ነበር። በ1972 ሻምፒዮኑ «ትግል ፍሬ» ነው። በ1973 እና በ1974 ደግሞ «እርምጃችን»። በዚያ ዘመን «እርምጃ ተወሰደበት» ማለት ምን ማለት እንደነበር ታላላቆቻችሁን ጠይቁ፣ ከዚያ «እርምጃችን አሸነፈ» የሚለውን ዜና በሬዲዮ እንደሰማችሁ አስቡት። እነዚህ ስሞች የት አሉ ዛሬ? ኢሕአዴግም በተራው በረሃውን አመጣልን፤ ደደቢት። በ2005 ሻምፒዮን ሆነ። አንድ ወገን የሚኮራበትን ስም ሌላው ወገን አብሮ መጮኽ ሲያቅተው ስሙ የሰልፍ መፈክር ሆኖ ይቀራል።

«የፖሊሱ ኦሜድላስ? እሱም የንጉሡ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ነው። ንጉሡ በ1933 ከሱዳን የገቡበት ቦታ ነው። ግን የገቡት ወራሪን ለማስወጣት ነበርና ደርግ ራሱ ስሙን ሊነካው አልደፈረም፤ ኦሜድላ በ1971 በደርግ ዘመን ሻምፒዮን ሆነ።

የጦሩ ቡድን ለብዙ ዓመት «መከላከያ» ተባለ። የእግር ኳስ ቡድንን መከላከያ ማለት! አጥቂው ኳስ ሲያገኝ ምን ይሰማው ይሆን? በ2014 ወደ ድሮ ስሙ ተመለሰ፤ መቻል። ሦስት ፊደል፣ አንድ ግስ፣ ውስጡ ችሎታም ትዕግሥትም አለ። በአማርኛ ከዚህ የሚበልጥ የክለብ ስም አላውቅም። በአንጻሩ የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ በ1990 የወሰደውን «መብራት ኃይል»ን አስቡት። መብራት! ኃይል! ሲሸነፍ እንኳ «መብራት ጠፋ» ብለን የምንስቅበት ስም ነበር። ይህን ጥሎ «ኢትዮ ኤሌክትሪክ» መሆን ምን ይሉታል?

«አርሰናልስ የፋብሪካ ስም አይደለም?» እንዳትሉኝ። ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 ዉልዊች የሚገኝ የመሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ያቋቋሙት ነው። ልዩነቱ ስሙ የሠራተኞቹ መሆኑ ነው፤ የሚሠሩበትን ቦታ ስም ራሳቸው ናቸው የሰጡት። «ቡና ገበያ»ም እንደዚያው ነበር፣ ለዚህ ነው ዛሬ ኢትዮጵያ ቡና ሲባል ማንም ድርጅት የማይታየው፣ ስኒ ነው የሚታየው። አርሰናል በ1913 ከሰፈሩ ለቆ ሄደ፣ ፋብሪካውም ከተዘጋ ብዙ ዘመኑ ነው፣ ስሙን ግን መርካቶ ያለ ልጅ ሳይቀር ጀርባው ላይ ለብሶት ይዞራል። ሃል ሲቲን የገዛው ባለሀብት «ሃል ታይገርስ» ላድርገው ሲል ደጋፊው ተነሳበት፣ ፌዴሬሽኑም በ2014 ከለከለው። እኛ ጋ የስም ለውጥ የምንሰማው በደብዳቤ ነው።

ይሄ ሁሉ ለምን ያንገበግብሃል ትሉኝ ይሆናል። በ2016 ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። ካዛንቺስ ተከተለ። በጥቅምት 2017 ሸማ ተራን እሳት በላው። ሰፈር ሲሄድ ነዋሪው ይበተናል፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ስሙን የሚጠራው ታክሲ ረዳት ብቻ ይሆናል፣ እሱም ካልተቀየረ። ሰንበት በመጣ ቁጥር የሰፈርን ስም በሺህ ሰው አፍ የሚያስጠራ ነገር ከኳስ ቡድን ሌላ አላውቅም።

ደግሞ በስም ድሃ አይደለንም። ሳጥን ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ሚሊተሪ ተራ፣ ዱባይ ተራ … ኮሚቴ ያልተቀመጠባቸው፣ ቃለ ጉባኤ የሌላቸው ስሞች ናቸው። ስታዲየሙም ያው ነው፤ ሚስማር ተራ፣ ካታንጋ፣ ከማን አንሼ። የመቀመጫዎቹ ስም ከሚጫወቱት ክለቦች ስም ይበልጣል! በቢሮው ቀመር ከሄድን ግን የመርካቶ ቡድን ስም «አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ» ነው። ከተማ ሁለት ጊዜ፣ እንዳትረሱት።

የእኔ ድምፅ ለምናለሽ ተራ ነው። ማሊያው ላይ ምንም ተጨማሪ አያስፈልግም። ተጋጣሚ ሜዳ ሲገባ ግማሹ ስታዲየም «ምን አላችሁ?» ይላል፣ ሌላው ግማሽ ውጤቱን ይናገራል።