ከመብራቱ አስቀድሞ ሽቦው

በጸሎት ቤት ውስጥ የሚሰብክ ሰው ይታያል፤ የሚዘምርም ይሰማል። የሚታዩበትን ብርሃን የሚያዘው ሰው ግን ከአዳራሹ በስተኋላ፣ ጨለማ ውስጥ፣ ከአንዲት ጠባብ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሥራው የሰመረለት ቀን ማንም አያስታውሰውም፤ የተበላሸበት ቀን ግን ምእመናን ሁሉ አንገታቸውን አዙረው ያዩታል። ዛሬ ስለዚህ ሰውና የመድረክን መብራት ከፍና ዝቅ ስለሚያደርግበት መሣሪያ፣ ማለት ስለ ዲመር፣ ጥቂት አስተያየት ለመስጠት አስቤያለሁ። ጉዳዩ የአንድ አዳራሽ ብቻ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአዲስ አበባ ከሚገኙት የወንጌላውያን ጸሎት ቤቶች በአንደኛው መዘምራንን እረዳለሁ። የአዳራሹ ዲመር ዐሥራ ሁለት ማንሸራተቻ ያለው አሮጌ ሣጥን ነበር። በገና ዋዜማ አንዲት ልጅ ብቻዋን ስትዘምር፣ ቀስ እያለ ዝቅ ማለት የሚገባው መብራት ድርግም ብሎ ጠፋ፤ ወዲያውም ቦግ አለ። ሕፃናት ሳቁ፤ ልጅቱም ዜማው ጠፋባት። ሣጥኑን ለብዙ ዓመታት ሲጠብቁ የኖሩት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አዛውንት፣ አንገታቸውን ደፉ።

በሳምንቱ ኮሚቴው ተሰበሰበ። እኔም ዲግሪዬን ከያዝሁ ዓመት ያልሞላኝ ነኝና ከሁሉ ቀድሜ ተናገርሁ። «ዘመኑ የኤል ኢ ዲ ነው፤ አዳዲስ መብራቶች ገዝተን በአሮጌው ሣጥን ላይ እንሰካቸው፤ የቀረው በኋላ ይደርሳል» አልሁ። ገንዘቡ ጉሊት የሚውሉ እናቶች ሳይቀሩ ከመቀነታቸው ፈትተው የሰጡት ነበር። ጋሼ ብቻ እጃቸውን አነሡና፣ «ልጄ፣ ከዚህ ሣጥን የሚወጣው ኮረንቲ ሙሉ አይደለም፤ እየተቆረጠ ነው የሚመጣው። አዲሱ መብራት ይስማማዋል ብለህ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔ ፈገግ ብዬ አለፍኋቸው።

መብራቶቹ በመጀመሪያው ምሽት እንደታመመ ዐይን ሲርገበገቡ አመሹ። ሁለተኛው ሳምንት ሳያልቅ ሁለቱ ተቃጠሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ሆነና፣ የተማርሁትን ነገር እንደገና ልማረው ወደ ጋሼ ሄድሁ።

የጋሼ ቃል ትክክል ነበር። በአገራችን የኤሌክትሪክ ኀይል 220 ቮልት ሆኖ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። በዘመናችን በብዛት የሚገኘው ዲመር በውስጡ ታይሪስተር የሚባል በር አለው። ይህ በር በእያንዳንዱ ግማሽ ምልልስ፣ ማለት በሴኮንድ 100 ጊዜ፣ ዘግየት ብሎ እየተከፈተ ከኀይሉ ከፊሉን ብቻ ያሳልፋል። የሃሎጅን አምፑል የጋለ ሽቦ ስላለው በመካከሉ ለመቀዝቀዝ ጊዜ አያገኝም፤ ስለዚህ ዐይናችን መቆራረጡን አያውቅም። ለመድረክ የተሠራው የኤል ኢ ዲ መብራት ግን የራሱ ትንሽ አንጎል አለው። እርሱ የሚፈልገው ሙሉና የማይቋረጥ ኀይል ነው፤ «ድመቅ፣ ደብዝዝ» የሚለው ትእዛዝ በሌላ ቀጭን መስመር ሊደርሰው ይገባል። እኔ ምግቡን እየቆረጥሁ ትእዛዝ የሰጠሁት መስሎኝ ነበር።

ያ የትእዛዝ መስመር ዲ ኤም ኤክስ 512 ይባላል። ጥንት በአውሮፓና በአሜሪካ ቴአትር ቤቶች ብርሃን የሚቀነሰው ኀይሉን በጨው ውኃ ማሰሮ ወይም ኀይልን በሚገታ ሽቦ በማሳለፍ ነበር፤ የቀረው ኀይል ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ኋላ ትእዛዙ ከ0 እስከ 10 ቮልት በሚደርስ ትንሽ ኀይል መላክ ተጀመረ፤ ለእያንዳንዱ ዲመር አንድ አንድ ሽቦ ያስፈልግ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. የአሜሪካ የቴአትር ቴክኖሎጂ ተቋም ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች የሚስማሙበትን አንድ ደንብ አወጣ። በዚህ ደንብ በአንድ መስመር 512 አድራሻዎች ይታዘዛሉ፤ ለእያንዳንዱም 256 የብርሃን ደረጃ አለው።

እንግዲህ ጸሎት ቤቱን መብራት የሚያሳድስ ኮሚቴ ከምን ይጀምር? በእኔ አስተያየት፣ ማንም ከማያየው ይጀምር። መጀመሪያ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ሽቦውን፣ ብሬከሩንና የመሬት መስመሩን ይመርምር፤ ብዙ ሕዝብ በሚሰበሰብበት አዳራሽ የጋለ ሽቦ ቀልድ አይደለም። ሁለተኛ፣ አሮጌው ዲመር ጤነኛ ከሆነ አይጣል። የዲ ኤም ኤክስን ትእዛዝ ወደ 0–10 ቮልት የሚለውጥ ትንሽ መሣሪያ አለና፣ የድሮው ሣጥን ትእዛዙን የሚቀበለው በዚያው ቮልት ከሆነ ሃሎጅኖቹን እያገለገለ ይቆያል። ሦስተኛ፣ ኤል ኢ ዲዎቹ በዲመር ያላለፈ ቀጥተኛ ኀይል ያግኙ። የትእዛዙም ገመድ የማይክሮፎን ገመድ አይሁን፤ ከአንዱ መብራት ወደ ሌላው እየተቀጠለ ሄዶ በመጨረሻው ላይ የ120 ኦም መዝጊያ ይደረግለት። የመቆጣጠሪያው ጠረጴዛ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይገዛ።

ትርፉም የሚናቅ አይደለም። እያንዳንዳቸው 1000 ዋት የሆኑ ዐሥራ ሁለት ሃሎጅኖች በአንድነት ሲበሩ 12 ኪሎ ዋት፣ ማለት 55 አምፔር ያህል ይስባሉ። በ200 ዋት ኤል ኢ ዲ ቢተኩ 11 አምፔር ያህል ይበቃል። በትክክል ከተሠራ፣ የእናቶቹ ገንዘብ በየወሩ በቆጣሪው ላይ ይመለሳል።

«ለጸሎት ቤት ይህ ሁሉ የመብራት ጨዋታ ምን ያደርግለታል?» የሚል ሰው እንዳለ ዐውቃለሁ። ግማሽ እውነት አለው። መብራቱ እንደ ጭፈራ ቤት በየደቂቃው ቀለሙን የሚለዋውጥ ከሆነ፣ እኔም ከተቃዋሚዎቹ ጋር እቆማለሁ። ነገር ግን በእኛ አዳራሽ ከምስባኩ አጠገብ ቆማ ስብከቱን መስማት ለተሳናቸው በምልክት ቋንቋ የምታስተረጉም እኅት አለች። በገና ዋዜማ መብራቱ ሲጠፋ እጇም አብሮ ጠፋ፤ ለእኛ ጨለማ ብቻ የነበረው ለእነርሱ ዝምታም ሆነባቸው። ስለዚህ የእርስዋ መብራት ለብቻው መስመር ተሰጥቶት፣ ሌላው ሁሉ ሲደበዝዝ እንኳ እንዳይደበዝዝ ተደረገ። የጥሩ ዲመር ጥቅም ይህ ነው፤ ለማስደነቅ ሳይሆን ማን መታየት እንደሚገባው ለመወሰን።

በመጨረሻ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ዕቃ ሰው ነው። የአዳራሻችን የመብራት ካርታ በጋሼ ራስ ውስጥ ብቻ ነበር፤ ቢታመሙ ኖሮ አብሮአቸው ይታመም ነበር። አሁን የእያንዳንዱ መስመር ቁጥርና አድራሻ በወረቀት ተጽፎ ከሣጥኑ በላይ ተለጥፏል። ከመዘምራን ሁለት ልጆች እሑድ እሑድ በተራ ከጋሼ ጋር ይቀመጣሉ።

ተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ የጀመራችሁ ጓደኞቼ ሆይ! ነገ ከፊርማችሁ በታች አዲስ መኪና፣ አዲስ ኮምፒዩተር፣ አዲስ መሣሪያ ይገዛ ይሆናል። ከመፈረማችሁ በፊት ወደ ኋለኛው ክፍል ሂዱና፣ አሮጌውን ዕቃ ለዓመታት የያዘውን ሰው አንድ ጥያቄ ጠይቁት። እኔ ሳልጠይቅ ቀርቼ ሁለት መብራት አቃጥያለሁ። የሁለቱን ዋጋ ከደመወዜ በየወሩ እየከፈልሁ ነኝ፤ የሚቀረኝ የሦስት ወር ነው።